ነሐሴ 12 ማታ በሩን ክፈቱላቸው

ግልጽ ደብዳቤ፦ በአዲስ አበባ ላሉ የኮንዶሚኒየም ማኅበር ኮሚቴዎች፣ ለግቢ ጥበቃዎች እና ለጎረቤቶቼ በሙሉ

ጤና ይስጥልኝ። ክረምቱን እንዴት ይዛችሁታል?

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ በር ነው። የግቢያችን የብረት በር። ቀን ቀን ብርግድ ብሎ ይውላል። ዕቃ የሚያራግፍ፣ ሽንኩርትና ድንች የሚያዞር፣ ዲሽ የሚያስተካክል፣ ቆራሌው ሳይቀር ይገባበታል። ማንም «ማን ነህ?» አይባልም። በዓመት አንድ ማታ ግን ልጆች ዱላ ይዘው ሲመጡ ይዘጋል። ያ ማታ የቡሄ ዋዜማ ነው።

ነገሩን በዓይኔ ያየሁት በ2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ቡሄ ቅዳሜ ላይ ዋለ። ዓርብ ማታ ከሥራ ስመለስ በሩ ላይ ሰባት ልጆች ቆመው አገኘሁ። ትልቁ ቢበዛ 13 ዓመት ቢሆነው ነው። ትንሹ ከያዘው ዱላ አይረዝምም። እያካፋ ስለነበር ሁለቱ ፌስታል ራሳቸው ላይ አጥልቀዋል። ጥበቃችን ጋሼ በሩን ይዘው ቆመዋል። «ኮሚቴው እንዳታስገባ ብሎኛል፤ እኔ ምን ላድርግ የኔ ልጅ?» አሉኝ። ደስ ብሏቸው እንዳልሆነ ፊታቸው ይናገራል። እሳቸውም እኮ ገጠር ውስጥ ጅራፍ ሲያጮሁ ያደጉ ሰው ናቸው። ስንት ጊዜ አጫውተውኛል።

ልጆቹ ግን አልሄዱም። እዚያው በሩ ፊት ለፊት ክብ ሠሩና ጀመሩ። አውራጁ ቀጠን ያለ ድምፅ ያለው ልጅ ነው። ሌሎቹ ዱላቸውን ኮብልስቶኑ ላይ እየመቱ «ሆ!» ይሉለታል። ጎበዞች ነበሩ። ግጥሙን አልቆራረጡትም። ግን ማን ይስማቸው? አብዛኞቹ ብሎኮች ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው። አራተኛ ፎቅ ላይ ቴሌቪዥን ከፍቶ ለተቀመጠ ሰው፣ ከአጥር ውጪ ያለ የልጅ ድምፅ የመኪና ጥሩንባ ያህል እንኳ አይደርሰው።

አንዲት ሴት ብቻ ሰሙ። ለበሩ ከሚቀርበው ብሎክ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ እማማ አሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ አይወርዱም። በረንዳ ላይ ወጡና እልል አሉ። ከዚያ ሙልሙል ዳቦ ፌስታል ውስጥ አድርገው በገመድ ወደ ታች ለቀቁት። ፈትቼ በበሩ ፍርግርግ አሾልኬ ለልጆቹ ሰጠኋቸው። ዳቦው ገና ትኩስ ነበር።

ልጄ ያኔ 8 ዓመቱ ነው። አጎቱ የሰጠውን ዱላ ይዞ ከውስጥ በኩል ቆሟል። እነሱ ከውጪ፣ እሱ ከውስጥ። «እማዬ፣ ለምንድን ነው የማይገቡት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

እንዲያም ሆኖ ያ ቅዳሜና እሁድ ከልጄ ጋር ካሳለፍኳቸው ሁሉ ደስ የሚለው ነበር። እሱን ልንገራችሁ። በሩን ስንዘጋ ምን ላይ እንደምንዘጋ ይታያችኋል።

ልጄን ይዤ ወጣሁና ልጆቹን ተከትለን ሄድን። ከሳይታችን ጀርባ የግል ቤቶች ያሉበት መንደር አለ። የቆርቆሮ አጥር፣ ጭቃ መንገድ፣ በየግቢው ውሻ። የመጀመሪያው በር ሳይንኳኳ ተከፈተ። አባወራው ነጠላቸውን እያጣፉ ወጡና «ግቡ፣ ግቡ! ዘንድሮ ምነው ዘገያችሁ?» አሉ። «ዘገያችሁ» የምትለዋ ቃል ሆዴን አባባችው። ሲጠብቋቸው ነበር ማለት ነው።

ልጄን መሃላቸው አስገቡት። ዱላውን መቼ እንደሚመታ ስላላወቀ መጀመሪያ ላይ እየቀደመ ያበላሽባቸው ነበር። ማንም አልተቆጣውም። ሦስተኛው ቤት ላይ ገባው። አምስተኛው ቤት ላይ ስንደርስ የእሱ «ሆ!» ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር።

ጨፍረው ሲጨርሱ ቤቱን መረቁ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። በእኛ አገር ምርቃት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ሽማግሌ ይመርቃል፣ ልጅ አሜን ይላል። የቡሄ ማታ ግን ይገለበጣል። የስምንት ዓመት ልጅ ደጃፍ ላይ ቆሞ «ዓመት ዓመት ያድርስልን፣ ቤቱ ይሙላ» ይላል፤ ሽበት የወረሳቸው ሰው ደግሞ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። ልጄ ከዚያ በፊት አዋቂ ሰው ቃሉን አክብሮ ሲሰማው አይቶ አያውቅም። ወደ ቤት ስንመለስ ዝም ብሎ ይራመድ ነበር። ምን እያሰበ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ መንደሩ መሃል ባለች ክፍት ቦታ ችቦ ተለኮሰ። እንጨቱ ስለረጠበ እምቢ ብሎ አስቸገረ። አንዲት እናት ከጓዳቸው ደረቅ ጭራሮ አምጥተው ሲጨምሩበት ቦግ አለ። ልጆቹ ጮኹ። እኔም ጮህኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሳምን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራና ሜዳ ላይ ጅራፍ የሚያጮሁ ወጣቶች ተሰበሰቡ። ጅራፍ ጉልበት ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። አየር ላይ አሽከርክሮ፣ በትክክለኛዋ ሰዓት እጅን ወደኋላ መመለስ ነው ጥበቡ። የሚጮኸውም መሬት ስለመታ አይደለም። ጫፉ በዚያች ቅጽበት ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው። አንድ ወጣት ይህን ለልጄ ሲያስረዳው ሳይንስ የሚያስተምር እንጂ ጨዋታ የሚያሳይ አይመስልም ነበር። ልጄ ደጋግሞ ሞከረ፤ ጅራፉ እግሩ ላይ ተጠመጠመበት። መጨረሻ ላይ አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ «ጯ!» አለለት። ማታ አልጋ ውስጥ ገብቶ እንኳ እጁን ያወዛውዝ ነበር።

እሁድ እናቴ ቤት ተሰበሰብን። ጾም ስለሆነ ዳቦው በሻይ ነው። የድሮ ጎረቤቶቻችን ከየአቅጣጫው መጡ። አንዷ ከጀሞ፣ አንዷ ከሰሚት፣ አንዷ ከየካ አባዶ። ሁለት ታክሲ ቀይረው የመጡም አሉ። ሲያወሩ የዋሉት ስለዚያ ስለ ፈረሰው ሰፈራችን ነው።

ያደግኩት አራት ኪሎ ነው። ቤቶቹ ግድግዳ ይጋሩ ነበር። ሆያ ሆዬ አምስት ቤት ቀድሞ ይሰማል። እናቴ ከሰዓት ጀምራ ሊጡን ቡሃቃ ውስጥ አቡክታ፣ ኩፍ ሲልላት እየቆረሰች ሞላላ ታደርገውና ምጣድ ላይ ታሰልፈዋለች። አክንባሎውን ስታነሳ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። ወንድሜ አውራጅ ነበር። ድምፁ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር የሚመለሰው። ከጓደኞቹ ጋር ከረጢታቸውን ወለሉ ላይ ሲዘረግፉት እኛ ሴቶቹ ከበን እናያለን። ዳቦውን አይተን ቤቱን እናውቀው ነበር። ጥቁር አዝሙድ የበዛበት ከእነ እንትና ነው። ጠርዙ ያረረው ደግሞ ጥግ ካለው ቤት ነው፤ እዚያ ቤት ምጣዱ አንድ በኩል ይበረታል። ገብስ የተቀላቀለበት ከአንዲት ባልቴት ቤት ነው፤ እሱን ማንም አይቀልድበትም፤ ካላቸው ላይ ቆርሰው እንደሰጡ እናውቃለን።

አጠገባችን የነበሩት ጎረቤታችን ሙስሊም ናቸው። በየዓመቱ ነሐሴ 12 ዳቦ ይጋግሩ ነበር። «ልጆቹ በእኔ ደጅ ባዶ እጃቸውን አያልፉም» ይላሉ። የእሳቸው ሁለት ወንዶች ልጆች ከወንድሜ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ያን ጊዜ ይህ የሚወራ ነገር አልነበረም።

የተገኘው ሳንቲም ደግሞ ለደብተር ነው የሚሄደው። መስከረም ላይ ትምህርት ይከፈታል። ቡሄ የሚመጣው እናቶች ለደብተርና ለእስክሪብቶ በሚጨነቁበት ጊዜ ነው። ወንድሜ አንድ ዓመት በራሱ ገንዘብ ስድስት ደብተር ገዝቶ ሁለቱን ለእኔ ሰጠኝ። በሆያ ሆዬ ገንዘብ የተገዛ ደብተር ላይ መጻፍ እንዴት እንደሚያኮራ የጻፈበት ያውቀዋል።

በዓሉን ለማታውቁት ወይም ለረሳችሁት ጥቂት ልበል። ነሐሴ 13 በቤተ ክርስቲያን ስሙ ደብረ ታቦር ነው። ከዘጠኙ የጌታ ዐበይት በዓላት አንዱ ነው። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ እንደተጻፈው፣ ጌታ ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ። ፊቱ እንደ ፀሐይ በራ። ሙሴና ኤልያስ ታዩ። ከደመናም ድምፅ መጣ። ችቦው የዚያ ብርሃን ምሳሌ ነው። የጅራፉ ጩኸት የዚያ ድምፅ ምሳሌ ነው። ስለ ዳቦው አባቶች የሚሉት ደግሞ ይህን ነው፦ ብርሃኑ ስለበዛ እረኞች መምሸቱን ሳያውቁ ሜዳ ላይ ቀሩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ።

ይህን ታሪክ ልብ ብላችሁ እዩት። ልጆቹ ውጪ ናቸው። ጨልሟል። ትልልቆቹ ዳቦና ብርሃን ይዘው ወደ ልጆቹ ይወጣሉ። በእኛ በር ላይ የሆነው ግን ልጆቹ ራሳቸው መጥተው እኛ ሳንወጣ መቅረታችን ነው።

«ቡሄ» የሚለውን ቃል አንዳንዶች ብራ፣ ገላጣ ማለት ነው ይላሉ። ሌሎች ቡሆ ከሚለው፣ ከሊጡ፣ ያመጡታል። ሁለቱም ደስ ይለኛል። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» ይላሉ አባቶች። አዲስ አበባ ላይ ነሐሴ አጋማሽ ዝናቡ ገና ነው፤ ያም ሆኖ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ሰማዩን ቀና ብሎ ማየት ይጀምራል። ደብረ ታቦር ከተማ ላይ በዓሉ በተለየ ድምቀት ይከበራል፤ ስሙም ስሟ ነውና። የአብነት ተማሪዎችም በየጉባኤ ቤታቸው በተለይ ያከብሩታል። አዲስ አበቤ ግን ሜዳም ከብትም የለውም። ያለው ደጃፍ ነው። ስለዚህ በዓሉን ደጃፍ ላይ አደረገው። ደጃፉ ሲዘጋ ለከተማ ልጅ ከቡሄ የሚቀረው የካላንደር ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ የኮሚቴ አባላት። ሥራችሁ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ደመወዝ የለውም። ውሃ ሲጠፋ፣ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ፣ የኮሪደር አምፖል ሲቃጠል የሚወቀሰው ኮሚቴው ነው። በሩን የዘጋችሁትም ክፉ ሆናችሁ አይደለም። ምክንያታችሁን በስብሰባ ላይ ሰምቻለሁ። አንድ በአንድ አስቤበታለሁ።

የመጀመሪያው ሌባ ነው። ከግቢያችን ጫማ ጠፍቷል፣ የልብስ ማስጫ ተቆርጦ ልብስ ተወስዷል፣ የመኪና ስፖኪዮ ተነቅሏል። ልክ ናችሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ሌባ እየዘፈነ አይመጣም። ሰባት ሆኖ፣ ዱላ እየመታ፣ ሰው ሁሉ ደጁ ወጥቶ እያየው የሚሰርቅ የለም። እንዲያውም ሰው በየበረንዳው የሚወጣበት ማታ ከሌላው ማታ ይልቅ የሚጠበቅ ነው። ስጋት ካለ አንድ ወጣት ከግቢያችን አብሯቸው ይዙር። እኔ ልጄን ይዤ እዞራለሁ።

ሁለተኛው ጩኸት ነው። አራስ አለ፣ የታመመ አለ፣ የማታ ተረኛ ሆኖ ቀን የሚተኛ አለ። ይህ እውነተኛ ጉዳይ ነው፤ ያለ ሰዓት ገደብ ክፈቱ አልልም። ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይሁን። ሦስት ሰዓት ነው። የታመመ ሰው ያለበት ቤት በሩ ላይ ወረቀት ይለጥፍ፣ ልጆቹ ያንን ፎቅ ይለፉት። ልጅ ሲነግሩት ይሰማል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። «ሆያ ሆዬ ልመና ሆኗል፤ ጎረምሶች እየመጡ ካልሰጠኸን ይላሉ» ያለ ጎረቤት ነበር። እውነት አለው። ሁለት ስንኝ ብሎ እጁን የሚዘረጋ አጋጥሞኛል፤ መንገድ ላይ መኪና አስቁሞ የሚያስጨንቅም አይቻለሁ። እኔም አልወደውም። ግን እዚያ ያደረስናቸው እኛ አዋቂዎቹ ነን። በሩን ገርበብ አድርገን፣ ሳናያቸው፣ ዝም እንዲሉ ብር ወረወርንላቸው። ዘፈኑን ማንም ካልሰማው ልጁ ለምን ይጨርሰዋል? አድማጭ ያጣ ጨፋሪ ነው ለማኝ የሚሆነው። ስለዚህ ጎረቤቶቼ፣ ውጡና ስሟቸው። እስኪጨርሱ ቁሙ። ምርቃቱን ተቀበሉና ያኔ ስጡ። ዳቦ ከሆነ ዳቦ፣ ብር ከሆነ ብር። ለጎረምሶቹ ደግሞ ሌላ ሥራ አለን፤ ችቦውን እነሱ ያደራጁት።

አራተኛው እሳት ነው። ይህ ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ። ርችት ተኩሶ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስ ያቃጠለ ልጅ በግቢያችን ነበር። ርችት ይከልከል። ችቦው ግን ከመኪና ማቆሚያውና ከቆጣሪ ሳጥኖቹ ርቆ፣ ከኮሙናሉ፣ ከጋራ መገልገያ ቤታችን፣ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ላይ ይሁን። ሁለት ጀሪካን ውሃ አጠገቡ ይቀመጥ። የክረምት ሣር እንደሆነ ቶሎ አይቀጣጠልም።

አምስተኛውን ማንም በስብሰባ ላይ ጮክ ብሎ አላለውም፤ ደረጃ ላይ ነው የሰማሁት። «የሁሉም እምነት ሰው ያለበት ግቢ ነው፤ የአንዱን በዓል ማስገባት ቅሬታ ይፈጥራል።» ስለዚያ ስለ አራት ኪሎዋ ጎረቤታችን የጻፍኩት ለዚህ ነው። ማንም ደጁን እንዲከፍት አይገደድ። የማይፈልግ አይክፈት፤ ልጆቹም ተከፍቶ ያዩትን በር ነው የሚጨፍሩበት። የግቢው በር ግን የሁላችንም ነው። የረመዳን አፍጥር ሲደርስ ከታች ብሎክ ሳምቡሳ በሳህን ወደ እኛ ይወጣል። እኛም በፋሲካ እንልካለን። ያ ሳህን ሲመላለስ ቅሬታ ሰምቼ አላውቅም።

በዚህ ከተማ ኮንዶሚኒየም መሠራት ከጀመረ 20 ዓመት አልፎታል። ፎቅ ላይ ተወልዶ ፎቅ ላይ ያደገ ልጅ አሁን ጎረምሳ ሆኗል። እኛ ወላጆቹ ሁላችንም ሌላ ሰፈር አለን። አንዳችን አራት ኪሎ፣ አንዳችን ልደታ፣ አንዳችን ካዛንቺስ እንላለን። ቢፈርስም ስሙን እንጠራዋለን፣ ሲከፋን ትዝታው ውስጥ እንገባለን። ልጄ ግን ሌላ ሰፈር የለውም። ያለው ይህ ግቢ ነው። ደረጃው፣ የውሃ ታንከሩ፣ ኳስ የሚጫወትበት ኮብልስቶን። ነገ ትልቅ ሰው ሆኖ «ያደግኩበት ሰፈር» ሲል የሚያስበው ይህንን ነው። የዚህ ሰፈር የክረምት በዓል ምን ነበር ቢሉት ምን ይመልሳል? የእኔ እናት ለእኔ ያዘጋጀችልኝን እኔ ለእሱ ሳላዘጋጅ ልቀር ነው ብዬ እሰጋለሁ።

ሊደረግ የሚችለውን ደግሞ አስቤበታለሁ። ኮሙናሉ ውስጥ ምጣድ አለ። ለእንቁጣጣሽ ቅርጫ በሬ ለመግዛት የምናዋጣ ሰዎች ለአንድ ማታ ሙልሙል ዱቄት አያቅተንም። የበዓል ዋዜማ መብራት ቢጠፋብንስ ለሚል፣ ጠዋት ብንጋግር ይደርሳል። ሊጡን እኔና ሦስት ጎረቤቶቼ እናቦካለን፤ ተነጋግረናል። የግቢያችን ወንዶች ልጆች ደግሞ ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምረው ማታ ማታ ይለማመዱ። ወንድሜ ሊያስተምራቸው ፈቃደኛ ነው። ድምፁ አሁንም አለ። ሴቶች ልጆችም ዱላ ይዘው መጨፈር ከፈለጉ፣ እኔ በልጅነቴ የተመኘሁትን ነው የሚያደርጉትና ይቀላቀሉ።

በሩ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ብዙ እንግዳ አለን። ከቡሄ ሦስት ቀን በኋላ፣ ነሐሴ 16 ፍልሰታ ሲፈታ፣ ሴቶች ልጆች ከበሮ ይዘው ይመጣሉ። ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላሊበላ ላይ አሸንድዬ፣ ቆቦ ላይ ሶለል፣ ትግራይ ውስጥ አሸንዳ ይሉታል። በግቢያችን ከእነዚህ አገሮች የመጡ ቤተሰቦች አሉ። አንዷ ጎረቤቴ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ቀሚሷን ለብሳ፣ ብቻዋን በረንዳ ላይ ቆማ አይቻታለሁ። ወገቧ ላይ የምታስረው ቅጠል አላገኘችም፤ አብራት የምትጨፍርም አላገኘችም። ከዚያ ደግሞ ወር ሳይሞላ እንቁጣጣሽ ይመጣል፤ ትንንሾቹ አበባና ሥዕል ይዘው ደረጃ ለደረጃ ይወጣሉ። ሁሉም የሚጀምረው ከዚያ ከብረቱ በር ነው።

ለጋሼ ጥበቃ አንድ ቃል አለኝ። በ2015 ያን ማታ ሲከለክሉ ያየሁትን ፊታቸውን አልረሳሁትም። ዘንድሮ ሲከፍቱ ላያቸው እፈልጋለሁ። ጅራፍ አገማመድንም ለልጄ እንዲያሳዩት ለምኛቸዋለሁ፤ «ቃጫ አምጪልኝ» ብለውኛል። አምጥቻለሁ።

እማማም ዳቦውን በገመድ ማውረድ የለባቸውም። ሁለተኛ ፎቅ ለልጆቹ ሩቅ አይደለም። ወጥተው ደጃቸው ላይ ይጨፍሩላቸዋል፤ እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ይመረቃሉ።

በሩ ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ጽፌ ጨርሻለሁ። እንዲህ ይላል፦ «ነሐሴ 12 ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ሆያ ሆዬ ለሚጨፍሩ ልጆች በሩ ክፍት ነው። ርችት ክልክል ነው። ችቦ ከኮሙናሉ ጀርባ ይለኮሳል። እንኳን አደረሳችሁ።» የቀረው የኮሚቴው ማኅተም ነው። እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ይዤላችሁ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናትና የግቢው ነዋሪ
አዲስ አበባ